ክረምትን ከኦዲተሮች ጋር

ሰኔ 30 ቀን 2016 ዓ.ም. እሑድ ነበር የዋለው። ሌላ እሑድ ቢሆን ዘበኛው ብቻውን በሚውልበት ቃሊቲ ያለ አንድ የመኪና መለዋወጫ መጋዘን ውስጥ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ሰው ይተራመሳል። የድርጅቱ ሠራተኞች ጥንድ ጥንድ ሆነው መደርደሪያዎቹን ተከፋፍለዋል፤ አንዱ እየቆጠረ ይጠራል፣ ሌላው ይጽፋል። «ፊልትሮ፣ ሰባት ካርቶን፣ ሃያ አራት ሃያ አራት!» «ፍሬን ሸራ፣ የኋላ፣ አርባ ሁለት ጥንድ!» ከኋላቸው አንዲት የሦስተኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ ትከተላለች። አንድ የኦዲት ድርጅት ለክረምት ልምምድ ከተቀበላት ገና ሳምንት አልሞላትም። የተላከችው ልትቆጥር አይደለም፤ ሲቆጥሩ ልታይ ነው።

ስሟን አልጽፍም። ልምምድ በጀመረች ቀን መጀመሪያ የፈረመችው ወረቀት የደንበኛን ጉዳይ ውጭ ላለማውራት ቃል የገባችበት ነው። ስሟ ከወጣ ድርጅቱ ይታወቃል፤ ድርጅቱ ከታወቀ ደግሞ ደንበኞቹ። ስለዚህ እዚህ ላይ «ተማሪዋ» ናት፤ ደንበኞቹም «አስመጪው»፣ «አከፋፋዩ» እየተባሉ ያልፋሉ።

ቡድኑን የምትመራው ሲኒየር ኦዲተር ተማሪዋን ብትበልጣት በስድስት ወይም በሰባት ዓመት ነው። ሁለት ነገር አዘዘቻት። መጀመሪያ ከቆጠራው ወረቀት ላይ የፈለገችውን ጥቂት መስመር መርጣ መደርደሪያው ድረስ ሄዳ በዓይኗ እንድታይ፤ ቀጥሎ ነገሩን ገልብጣ ከመደርደሪያው ላይ ዓይኗ ያረፈበትን ዕቃ ይዛ ወረቀቱ ላይ እንድትፈልገው። ለማያውቅ ሰው ሁለቱ አንድ ናቸው። ለኦዲተር ግን የመጀመሪያው፣ ወረቀት ላይ የሰፈረው ዕቃ በእርግጥ መኖሩን ያሳየዋል፤ ሁለተኛው፣ ያለው ዕቃ ሁሉ ወረቀት ላይ መስፈሩን። በዓመቱ መጨረሻ መጋዘን ውስጥ የቀረው ዕቃ በበዛ ቁጥር የተሸጠው ዕቃ ወጪ ያንሳል፣ ትርፉም ያድጋል። ባንክ ብድር ሊጠይቅ ያሰበ ነጋዴ የሌለ ዕቃ ያስመዘግባል፤ ግብር ያስፈራው ያለውን ይደብቃል። አንዱን አቅጣጫ ብቻ ያየ ኦዲተር ግማሹን ውሸት ሳያየው ያልፋል።

ተማሪዋ ሁለተኛውን ስትሞክር ከጥግ፣ ከታችኛው መደርደሪያ፣ አቧራ የጠገበ ካርቶን ጎተተች። ውስጡ የፍሪሲዮን ዲስክ ነው፤ ወረቀቱ ላይ የለም። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው አዩት። «ልጄ፣ እሱ እኔ ከመምጣቴ በፊት የነበረ ነው። መኪናውም አሁን አይነዳም።» ሲኒየሯ ዕቃው እንዲቆጠርና በዝርዝሩ እንዲገባ አደረገች፤ አጠገቡ ግን «የማይንቀሳቀስ» ተብሎ ተጻፈበት። የዕቃ ዋጋ በመዝገብ የሚቀመጠው ከተገዛበትና አሁን ተሸጦ ሊያወጣ ከሚችለው በአነሰው ነውና፣ ገዢ የሌለው ዲስክ መቆጠሩ ብቻውን ሀብት አያደርገውም። ከመውጣታቸው በፊት ደግሞ ሲኒየሯ የመጨረሻውን የዕቃ መረከቢያና የመጨረሻውን የዕቃ ማስረከቢያ ቁጥር በስልኳ ፎቶ አነሳች። ከእነዚያ ቁጥሮች በኋላ የገባና የወጣ ሁሉ የሚቀጥለው ዓመት ነው። ማንም ወደ ኋላ ተመልሶ ድንበሩን እንዳይገፋው ፎቶው የዚያን ቀን ማታ ፋይል ውስጥ ገባ።

እንዲህ ያለውን ቀን የውጭ አገር ተለማማጅ በክረምት አያገኘውም። ለንደንም ሆነ ኒውዮርክ ብዙው ኩባንያ መዝገቡን የሚዘጋው በታኅሣሥ፣ በእነሱ ዲሴምበር 31 ነው፤ ኦዲተሩ እንቅልፍ የሚያጣው ከጥር እስከ መጋቢት ነው። የክረምት ተለማማጅ የሚደርሰው ሩጫው ካለፈ በኋላ ነው። እኛ ዘንድ የመንግሥትም የአብዛኛው ድርጅትም የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ይዘጋል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ መዝገብም ይዘጋል። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት በ2016 ክረምት የደረጃ «ሐ» ግብር ከፋዮች ከሐምሌ 1 እስከ ሐምሌ 30 ይከፍሉ ነበር፣ የ«ለ» ተራ ክረምቱ ሳይወጣ ይደርስ ነበር፣ የ«ሀ» ደግሞ ሂሳቡን አሰናድቶ እስከ ጥቅምት 30። (ከዚያ ወዲህ በ2017 በወጣው ማሻሻያ ደረጃዎቹ ወደ ሁለት ወርደዋል።) ማንም አስቦ ያላቀደው አጋጣሚ የኢትዮጵያን የአካውንቲንግ ተማሪ በዓመቱ ትልቁ ሥራ መሃል ይጥለዋል። ይህን ዕድል ማባከናችን ነው የሚያበሳጨኝ፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

የልምምድ ቦታው የሚገኘው በእግር ነው። ተማሪዋ ከትምህርት ክፍሏ ማኅተም ያረፈበት የትብብር ደብዳቤ ይዛ ከሜክሲኮ እስከ ካዛንቺስ ሕንፃ ለሕንፃ ዞራለች። ሊፍት በማይሠራበት ሕንፃ አምስተኛ ፎቅ ወጥታ «ዘንድሮ ሞልቶብናል» መባል አለ፤ «ሲቪሽን ተይው፣ እንደውልልሻለን» መባል አለ። በመጨረሻ የተቀበላት ቢሮ በሩ ላይ የተሰቀለው የሙያ ፈቃድ ከኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ የተሰጠ ነው። ቦርዱ በ2006 በወጣው የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847 የመጣ ተቋም ሲሆን ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎች፣ በተለምዶ «አይኤፍአርኤስ» የምንላቸው፣ በአገር ውስጥ እንዲሠራባቸው የሚያስገድደውም ይኸው አዋጅ ነው። ነጋዴ ሦስት ዓይነት ሂሳብ አለው፣ አንዱ ለባንክ፣ አንዱ ለገቢዎች፣ አንዱ ለራሱ፣ የሚባለውን የቆየ ሐሜት ገበያው ሁሉ ያውቀዋል። አዋጁ ከሞላ ጎደል የወጣው ለዚያ ሐሜት ነው ብል ብዙ አልሳሳትም።

ሐምሌ ሲገባ ቡድኑ ወደ አከፋፋዩ ቢሮ ተዛወረ። አከፋፋዩ በዚያው ዓመት ፒያሳ ሲፈርስ ሱቁ ከተነሳበት አንዱ ነው፤ የግማሽ ዓመት ሰነዱ በማዳበሪያ ከረጢት ተጭኖ ነው አዲሱ ቦታ የደረሰው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጥያቄው ሲመጣ «የሚከተለው ትራያል ባላንስ ተሰጥቶሃል» ብሎ ይጀምራል። እዚህ የሚሰጥ ነገር የለም፤ ከከረጢቱ ይወጣል። ተማሪዋ ደረሰኞቹን በወር በወር እየለየች ቦክስ ፋይል ውስጥ ስትደረድር ብዙ ዋለች። ዝናብ የነካቸው የካሽ ሬጅስተር ወረቀቶች ጽሑፋቸው ጠፍቶ ነጭ ሆነዋል፤ ሙቀት የሚያትመው ወረቀት ነውና ጊዜም ብቻውን ያጠፋዋል። ደግነቱ የየዕለቱ ሽያጭ ማጠቃለያ፣ ዜድ ሪፖርት የሚባለው፣ ፎቶ ኮፒ ተደርጎ ቆይቷል።

ሂሳቡ የሚሠራው በፒችትሪ ነው። ይህ ሶፍትዌር አሜሪካ ውስጥ ሴጅ 50 ተብሎ ስሙ ከተለወጠ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ አዲስ አበባ ግን ወሬውን የሰማ አይመስልም። የሥልጠና ማስታወቂያው ፒችትሪ ይላል፣ የሥራ ማስታወቂያው ፒችትሪ የሚችል ይላል። ተማሪዋም ኮርስ ወስዳ ነበር፤ መረጃ ማስገባት ትችላለች። ያልተማረችው የገባ መረጃ ከየት እንደመጣ ወደ ኋላ መከተልን ነው። ስክሪኑ ላይ ካለው አኃዝ ወደ ጆርናሉ፣ ከጆርናሉ ወደ ቫውቸሩ፣ ከቫውቸሩ ወደ ደረሰኙ፣ ከደረሰኙ ደግሞ፣ ጥርጣሬ ካለ፣ ወደ ሰውዬው።

አንድ ቀን የፔቲ ካሽ፣ የጥቃቅን ወጪ፣ ቫውቸሮች ተሰጧት። ለተለማማጅ የሚሰጥ ሥራ ነው፤ ሲኒየሮቹ ከዚያ ዓይነቱ ሥራ አልፈዋል። ትእዛዙ አጭር ነው፤ የፈቀደው ሰው ፈርሟል ወይ፣ ደረሰኝ ተያይዟል ወይ፣ የገንዘቡ ልክ ይገጥማል ወይ፣ ቀኑ በዓመቱ ውስጥ ነው ወይ። የተሟላ እንደሆነ በአረንጓዴ እስክሪብቶ ቲክ። እንዲህ ያለ ሥራ ከምሳ በኋላ ዓይን ያስከድናል። አራቱም ጥያቄ ለሁሉም ወረቀት «አዎ» ነው መልሱ። ወደ ማታው ላይ ግን አምስተኛ፣ ማንም ያላዘዛት ነገር ታያት። ለጎማ ጥገና የተከፈለባቸው ሦስት በእጅ የተጻፉ ደረሰኞች አሉ። አንዱ የጥቅምት፣ አንዱ የታኅሣሥ፣ አንዱ የመጋቢት። የደረሰኞቹ ተራ ቁጥር ግን ይከታተላል፤ በመካከላቸው አንድም የተዘለለ የለም። ያ ጎሚስታ አምስት ወር ሙሉ ሌላ ጎማ አልነፋም ማለት ነው። ጠጋ ብላ ስታይ የእጅ ጽሑፉም ከገንዘብ ያዧ ጽሑፍ ጋር ዝምድና አለው።

ልቧ መታ። ይዛ ወደ ሲኒየሯ ሮጠች። «ይኸው፣ አጭበርብረዋል!» ሲኒየሯ ወረቀቶቹን አገላብጣ አየቻቸውና ቀና ብላ «ጠይቂ እንጂ አትክሰሺ» አለቻት። «ሄደሽ የዚህን ጎሚስታ አድራሻ ጠይቂ። በቃ።»

ገንዘብ ያዧ ጎልማሳ ሴት ናት፤ ሻይ አስመጣችላት። አድራሻው ሲጠየቅ ዝም አለች፣ ቀጥሎ ሳቀች። «የኔ እህት፣ መንገድ ዳር ያለ ጎሚስታ ምን ደረሰኝ አለው? ሾፌሩ ጎማ ተነፈሰበት፣ ከኪሱ ከፈለ፣ መጥቶ ብሩን አምጪ አለኝ። ሰጠሁት። ያለ ደረሰኝ ደግሞ አይወራረድልኝም። ከኪሴ ልክፈል?» ደረሰኙን ከጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ ገዝታ ራሷ ሞልታዋለች።

ከልምምዱ ሁሉ ረጅም ጊዜ ያዋራን ይህ ነው። ተማሪዋ ሴትዮዋን አምናታለች፤ እኔም አምናታለሁ። ብሩ ወጥቷል፣ ጎማውም ተሠርቷል ብለን ብንይዝ እንኳ ወረቀቱ ሐሰት ነው። በግብር አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ሐሰተኛ ደረሰኝ ማዘጋጀትም ሆነ መጠቀም ወንጀል ነው፤ ቅጣቱ እስራት አለበት። ሴትዮዋ ለጎማ ማስነፊያ ብር እስር ቤት የሚያስገባ ነገር ሠርታለች፣ ለዚያውም ለራሷ አንድ ሳንቲም ሳታስቀር። ጥፋቱ የማን ነው? ደረሰኝ የሌለው ገበያ ውስጥ እየሠራ «ደረሰኝ ካላመጣሽ አላወራርድም» የሚለው ደንብ? ሲኒየሯ ግን እዚያ ድረስ አልሄደችም። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ሾፌሩ የከፈለው ያንን ያህል መሆኑን ማን ነገረሽ? እሷም የምታውቀው ሾፌሩ የነገራትን ነው።» ደረሰኝ የሌለው ወጪ ከውሸት ደረሰኝ የሚሻለው ለዚህ ነው፤ ባዶው ቦታ ቢያንስ ማረጋገጫ እንደሌለ ይናገራል፣ የተሞላው ያንን ይሸፍነዋል። ነገሩ ገንዘቡ ትንሽ ቢሆንም ለአስተዳደሩ በሚጻፈው ደብዳቤ ውስጥ ገባ፤ ደረሰኝ ለማይገኝበት አነስተኛ ወጪ ሾፌሩ ራሱ የሚፈርምበት ቅጽ ይዘጋጅ፣ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ ላይም ወጪ ተብሎ አይቀነስ የሚል ምክር ታክሎበት።

በዚሁ አጋጣሚ ሌላ የትምህርት ቤት እምነትም ፈረሰ። ክፍል ውስጥ ዴቢትና ክሬዲት በአንድ ሳንቲም ከተለያዩ መልሱ ስህተት ነው። እዚህ ሲኒየሯ የብዙ ሺህ ብር ልዩነት አይታ «ይለፍ» ስትል ተማሪዋ ጆሮዋን ማመን አቃታት። ሥራው ሲጀመር «ማቴሪያሊቲ» የሚባል ጣራ ይወሰናል፤ የሂሳቡን አንባቢ ውሳኔ ሊያስቀይር የሚችለው መጠን ከዚህ ይጀምራል ማለት ነው። ብዙ ኦዲተሮች ከግብር በፊት ካለው ትርፍ 5 በመቶ ወይም ከሽያጩ 1 በመቶ አካባቢ ይዘው ይነሳሉ። ከዚያ በታች ያለው ይመዘገባል እንጂ ሪፖርቱን አያስቀይርም። የጎሚስታው ደረሰኝ በልኩ ከጣራው እጅግ በታች ነው፤ በዓይነቱ ግን ማጭበርበርን ስለሚነካ አልታለፈም። ልክና ዓይነት ተለይተው እንደሚመዘኑ የገባት ያኔ ነው። መማሪያ መጽሐፉ ይህን በአንድ አንቀጽ ይለዋል፤ ተማሪዋም ለፈተና ሸምድዳው ነበር።

ከዚያ ሐምሌ 22 መጣ፣ ሰኞ። ጠዋት የብሔራዊ ባንክ መግለጫ ተሰማ፤ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። ሰኔ 30 ላይ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሰሌዳ ከ74 ብር በላይ ወጣ፤ ክረምቱ ሳይወጣ 100ን አለፈ። በዚያን ቀን ቢሮው ውስጥ ስልክ አላረፈም። የመለዋወጫ አስመጪው ለውጭ አቅራቢው በዶላር ያልከፈለው ዕዳ አለበት። ጥያቄው አንድ ነው፦ ሂሳቡ ገና አልተፈረመምና ዕዳው በአዲሱ ዋጋ ይስተካከል?

ተማሪዋ መልሱን ታውቃለች፤ ለዚያውም ደስ እያላት ነው የምትነግረኝ። አይኤኤስ 10 የሚባለው ደረጃ ከዓመቱ መዝጊያ በኋላ የሚመጡ ክስተቶችን ለሁለት ይከፍላል። በመዝጊያው ቀን የነበረን ሁኔታ ዘግይተው የሚያረጋግጡ አሉ፤ እነሱ ሂሳቡን ያስቀይራሉ። ከመዝጊያው በኋላ አዲስ የተፈጠሩ ደግሞ አሉ፤ እነሱ ቁጥሩን አይነኩም፣ ከባድ ከሆኑ ግን በማብራሪያ ይገለጻሉ። ደረጃው ለሁለተኛው ወገን ምሳሌ ሲዘረዝር ያልተለመደ የምንዛሪ ለውጥን በስም ይጠራል። ስለዚህ ዕዳው በሰኔ 30 ዋጋ ይቆያል፤ የግርጌ ማብራሪያው ግን ከመዝጊያው በኋላ የሆነውንና ዕዳው በብር ሲመነዘር ምን ያህል እንደሚያብጥ ለባንክም ለባለ አክሲዮንም መንገር አለበት። ያቺ እሑድ የተቆጠሩት ፊልትሮዎች ደግሞ በሌላ አቅጣጫ ሄደዋል፤ የመሸጫ ዋጋቸው በአንድ ጊዜ ዘለለ፣ መዝገቡ ላይ ግን በተገዙበት ዋጋ ይቀመጣሉ። አስመጪው ይህ አልተዋጠለትም። «ዕዳዬ አብጧል ብላችሁ ትጽፋላችሁ፣ ዕቃዬ ግን አላበጠም?» አለ በስልክ። እውነት ለመናገር ንግግሩ ሚዛን አለው፤ ግን ደረጃው እንደዚያ ነው፣ ያልተሸጠ ዕቃ ያላስገኘውን ትርፍ አይቆጥርም።

ማብራሪያውን እንድታረቅ የታዘዘችው ተማሪዋ ነች። ግማሽ ገጽ ጻፈች። ሲኒየሯ አሳጠረችው፣ ማናጀሩ ደግሞ ከዚያ ላይ ቀነሰ። ተፈርሞ ከወጣው ሪፖርት ውስጥ የእሷ የሆነ አንድ ዓረፍተ ነገር ቀርቷል፤ እንዳየሁት ከሌሎቹ ይልቅ የሚገባው እሱ ነው።

አሁን ወደሚያበሳጨኝ ልመለስ። ይህች ተማሪ የታደለች ናት። አብረዋት ከተማሩት ብዙዎቹ ክረምቱን ያሳለፉት ፎቶ ኮፒ ማሽን አጠገብ ነው፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ቢሮው ሳይሄዱ በመጨረሻው ሳምንት ብቅ ብለው የግምገማ ቅጹን አስሞልተውና ማኅተም አስመትተው በታሸገ ፖስታ ለዩኒቨርሲቲው አስገብተዋል። ማኅተሙ ሁሉንም እኩል ያደርጋቸዋል። ከ2015 ጀምሮ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ወስዶ 50 በመቶ ማምጣት ግዴታው ሆኗል፤ ፈተናው ግን ከረጢት አያስፈታም፣ ገንዘብ ያዥም አያነጋግርም። እንደ ኤሲሲኤ ያለው ዓለም አቀፍ የሙያ ማኅበር አባልነት ለመስጠት እስከ 13 ፈተና ከማስፈተኑ ሌላ የ36 ወር የሥራ ልምድ የሚጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሌላው የገንዘብ ነገር ነው። ልምምዱ ክፍያ አልነበረውም። ቤተሰቧ አዲስ አበባ ስለሆነ ምሳዋን በሳህን ቋጥራ ትወጣለች፤ የታክሲውን አባቷ ይሰጧታል። ከደሴና ከደብረ ማርቆስ የመጡት ጓደኞቿ ግን ዶርሙ ሲዘጋ ሻንጣቸውን ይዘው አገራቸው ገቡ። ከመካከላቸው ከእሷ የተሻለ ውጤት ያላቸው አሉ። ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይቶ፣ በቀን ሁለትና ሦስት ታክሲ እየተሳፈሩ፣ ያለ ክፍያ መሥራት የሚችል ማን ነው? በዚህ አያያዝ ትልልቆቹን የኦዲት ቢሮዎች የሚያውቀው አዲስ አበባ ዘመድ ያለው ብቻ ይሆናል፤ ሲመረቁም የሥራ ማስታወቂያው «ልምድ ያለው» ስለሚል ልዩነቱ ዕድሜ ልክ ይከተላቸዋል። ድርጅቶቹ «ተለማማጅ ጊዜያችንን ይበላል እንጂ አይጠቅመንም» ይላሉ። የጎሚስታውን ደረሰኝ ያገኘችው ግን ሲኒየሮቹ ሊያዩት ጊዜ ያልነበራቸውን ቦክስ ፋይል ያገላበጠችው ተለማማጅ ነች።

እናም ለኦዲትና ለሂሳብ ድርጅቶች ባለቤቶች፦ ለተለማማጅ የታክሲና የምሳ የምትሆን ገንዘብ በበጀታችሁ አንድ መስመር ላይ አስገቡ፤ ፋይልም አስነኩት፣ ቢያንስ አንድ ሂሳብ ከመነሻው እስከ መጨረሻው ይዞ ይጨርስ። ለዩኒቨርሲቲዎች፦ ልምምድ ላላቸው ተማሪዎች ዶርሙን በክረምት አትዝጉት፣ ማኅተም ብቻ ያለበትን የግምገማ ቅጽም ተማሪው ምን እንደሠራ ሳትጠይቁት አትቀበሉ። የመዝጊያው ቀን ሰኔ 30 ነው፤ የተማሪዎቹ የትብብር ደብዳቤ ግንቦት ላይ በየቢሮው በር ይደርሳል።